ከታችኛው ጥርስ ኋላ ለገባ የላይ ፊት ጥርስ የሚወልቅ ፕሌት ዲዛይን ማድረግ፦ ከወረቀት እስከ አፍ

እንዴት ናችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ጎንደርና አካባቢዋ ጥርስ ክሊኒክ ለምትሰሩ፣ ላብ ውስጥ ሽቦ ለምታጥፉ ቴክኒሻኖች እና ገና ተማሪ ለሆናችሁም ነው። "የሚወልቅ ፕሌት ዲዛይን እንዴት ነው የሚጀመረው" ብላችሁ ስትጠይቁኝ በስልክ ቆራርጬ ነው ስነግራችሁ የቆየሁት፣ ዛሬ አንድ ኬዝ ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሂድበት። ፕሌት ስል ላንቃ ላይ የሚያርፍ፣ የሚይዝ ሽቦና ጥርስ የሚገፋ ስፕሪንግ የተያያዘበት ፕላስቲክ ማለቴ ነው። ወላጅ ሆናችሁ የምታነቡትም ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ ሐኪም አይቶ የሚሰራው እንጂ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም፣ ጥርስ በላስቲክና በክር ታስሮ የተጎዳ ልጅ አይቻለሁና።

ኬዙ ይሄ ነው። የ9 ዓመት ልጅ ከአዘዞ እናቱ ይዛው መጣች፣ የላይ ግራ ፊት ጥርሱ፣ በጥርስ ቁጥር 21፣ ከታችኛው ጥርስ ኋላ ገብቷል፣ ሲዘጋ ታችኛው ፊት ለፊት ላዩ ከኋላ። "ዶክተር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይከድናል፣ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሉት እንጃ" አለችኝ። አንድ ጥርስ ክሮስባይት ማለት ነው፣ እና ለሚወልቅ ፕሌት ከዚህ የተሻለ ኬዝ የለም።

ፕሌት ይሆነዋል ወይ?

የሚወልቅ ፕሌት የሚያውቀው ስራ አንድ ነው፣ ጥርስን ማዘንበል። ክራውኑ፣ ማለትም ከድድ ውጭ የሚታየው ክፍል፣ ወደ ፈለጋችሁበት ያዘነብላል፣ የስሩ ጫፍ ግን እዛው አካባቢ ይቀራል፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። ስለዚህ ጥርሱ ወደ ላንቃ ያዘነበለ ከሆነ ፕሌት ያቃናዋል። የዞረ ከሆነ ወይም ከነስሩ ወደ ኋላ የበቀለ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ የሚለጠፍ ብሬስ ነው የሚያስፈልገው።

ከዛ ቦታ አለ ወይ በሉ። ሞዴሉ (የአፉ የጀሶ ቅጂ) ላይ በ11 እና በ22፣ ማለትም ከ21 ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች፣ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፣ የ21ን ስፋት ለኩ፣ ክፍተቱ ካነሰ ስፕሪንጉ ዓመት ቢገፋ ጥርሱ አይወጣም። ቀጥሎ ኦቨርባይት፣ ጥርሱ ከተሻገረ በኋላ ታችኛውን ቢያንስ ትንሽ የሚሸፍንበት ቁመት ከሌለው ፕሌቱን ባወጣችሁ ማግስት ይመለሳል። ሌላው ልጁን መንጋጋውን ዘና አድርጎ ወደ ኋላ እንዲዘጋ ማድረግ ነው፣ ፊት ጥርሶቹ ጫፍ ለጫፍ ከተገናኙ ልጁ ለማኘክ ብሎ መንጋጋውን ወደ ፊት እያንሸራተተ ነበር ማለት ነው፣ ይሄ ደስ የሚል ምልክት ነው። ካልተገናኙ፣ አባትየውም አገጫቸው ወደፊት የወጣ ከሆነ፣ ነገሩ የአጥንት ነውና ኦርቶዶንቲስት (የጥርስ አሰላለፍ ስፔሻሊስት) ይየው። ኤክስሬይም አንሱ፣ የወተት ጥርስ ስር ተሰንቅሮ ወይ ትርፍ ጥርስ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

"ያድግና እናየዋለን" የሚል ሰው ካለ ታችኛውን ጥርስ አሳዩት። በየቀኑ ከኋላ እየተመታ ድዱ ወደ ታች ሲሸሽ፣ የሁለቱም ጥርስ ኢናሜል ሲፋቅ ይታያል። የሸሸ ድድ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ሳሉት

ዲዛይን አራት ጥያቄ ነው፦ ማን ይንቀሳቀሳል፣ ፕሌቱን አፍ ውስጥ ምን ይይዘዋል፣ የግፊቱን አጸፋ ማን ይሸከማል፣ ሁሉንም ምን ያያይዘዋል። መጽሐፍ ላይ ስፕሪንጉ ይቀድማል፣ እኔ ግን ሁሌም ከያዡ ነው የምጀምረው፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ። ያልያዘ ፕሌት ላይ የተሰራ ስፕሪንግ የቱንም ያህል ቢያምር ፕሌቱን ገፍቶ ያወርዳል እንጂ ጥርሱን አያንቀሳቅስም።

ይሄን የተማርኩት የሌላ ሰው ልጅ ጊዜ አባክኜ ነው። ስራ የጀመርኩ ሰሞን አንዲት ልጅ ከዳባት እየተመላለሰች ትታከም ነበር፣ እኔ ላብ የላኩት ወረቀት ላይ "21 ዜድ ስፕሪንግ" (እንደ Z የታጠፈ የሽቦ ስፕሪንግ) ብዬ ብቻ ጻፍኩ፣ ስዕል የለም ምን የለም። ፕሌቱ ሲመጣ ክላስፕ (ጥርስን የሚጨብጥ የሽቦ መያዣ) ያለው የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ላይ ብቻ ነበር፣ በዛ ላይ ፊት ለፊት ላቢያል ቦው (በፊት ጥርሶች ፊት የሚያልፍ ሽቦ) ተሰርቶ 21 ላይ ተኝቷል። ስፕሪንጉ ከኋላ ይገፋል ቦውው ከፊት ይይዛል። ያንን ሳላይ ሰጠኋት፣ ስድስት ሳምንት አለፈ፣ ምንም የለም፣ አባቷ ለአውቶቡስ የከፈሉት ገንዘብና ከእርሻቸው የጠፉበት ቀን አሁንም ያሳዝነኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቴክኒሻኑ ያልተሳለለትን ከየት ያውቀዋል።

ስለዚህ የላይኛውን ቅስት ወረቀት ላይ ሳሉ፣ ጥርሶቹን በቁጥር ጻፉ፣ ሽቦውን በአንድ ቀለም አክሪሊኩን (የፕሌቱን ፕላስቲክ) በሌላ፣ እያንዳንዱ ሽቦ ጎን ውፍረቱን። ለዚህ ልጅ የሳልኩት ይሄ ነው፦ አዳምስ ክላስፕ 16 እና 26 (የላይ የመጀመሪያ ቋሚ መንጋጋ ጥርሶች) ላይ በ0.7 ሚሊ፣ አዳምስ ክላስፕ 54 እና 64 (የላይ የመጀመሪያ የወተት መንጋጋ ጥርሶች) ላይ በ0.6 ሚሊ፣ ዜድ ስፕሪንግ 21 ላይ በ0.5 ሚሊ፣ የኋላ ባይት ፕሌን (የኋላ ጥርሶችን መንከሻ የሚሸፍን አክሪሊክ) በሁለቱም በኩል፣ ላቢያል ቦው የለም። "የለም" የሚለውንም ጻፉት፣ ከልምድ ብሎ የሚጨምር አለ።

54 እና 64ን ለምን ጨመርኩ? ስፕሪንጉ የሚገፋው የፊት ጥርስ ጀርባ ላይ ነው፣ ያ ጀርባ ደግሞ ተዳፋት ነው፣ ስለዚህ ግፊቱ ግማሹ ፕሌቱን ከፊት ወደ ታች ይገፈትረዋል። የኋላ ክላስፕ ብቻ ካለ ፊቱ ይወርዳል። ለስፕሪንጉ ቀረብ ያለ ያዥ ያስፈልጋል። በዚህ እድሜ የወተት መንጋጋ ሊነቃነቅ ስለሚችል በጣታችሁ ሞክሩት፣ ከተነቃነቀ ከኋላቸው ወዳሉት የወተት መንጋጋዎች፣ 55 እና 65፣ ዞሩ።

ልክ መውሰድ

በዚህ ብዙ አልቆይም። አልጂኔት (የአፉ ልክ የሚወሰድበት ሊጥ)፣ ላይና ታች፣ የሰም ንክሻ። አንድ ነገር ብቻ፣ ጎንደር በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ አልጂኔት ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከቆየ ውሃው ይተንና ይኮማተራል፣ ስለዚህ በእርጥብ ጎዝ ጠቅልላችሁ ቶሎ ጀሶውን አፍስሱ። ባጃጅ ላይ ጭናችሁ ከተማ ውስጥ ላብ ፍለጋ ስትዞሩ ከዋላችሁ ፕሌቱ ባይገባ አትደነቁ።

አዳምስ ክላስፕ ማጠፍ

ፊሊፕ አዳምስ የሽዋርዝን የቀስት ጫፍ ክላስፕ አሻሽሎ ይሄን ካወጣው ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እስካሁን የሚተካው አልተገኘም። ቀስ ብላችሁ ስሩት፣ የፕሌቱ ዕድል ያለው እዚህ ነው።

የ9 ዓመት ልጅ 16 እና 26 ሙሉ ስላልወጡ የሚያዙበት አንደርከት (ከጥርሱ ሆድ በታች ወደ ውስጥ የሚገባው ቦታ) ድድ ስር ነው ያለው። ሞዴሉ ላይ በጉንጭ በኩል የፊትና የኋላ ማዕዘኑ ላይ ጀሶውን በቢላ ጫፍ አንድ ሚሊ ያህል ፋቅ አድርጉ፣ የጥርሱን ቅርጽ እየተከተላችሁ፣ ጥርሱን ራሱን ሳትነኩ።

ከ10 ሴንቲ የማያንስ ሽቦ ቁረጡ፣ በጣታችሁ አቃኑት። ድልድዩን ለመስራት በሁለቱ ማዕዘን መካከል ያለውን ርቀት በማርከር ምልክት አድርጉ፣ በሞረድ አይሆንም፣ የተጫረ ሽቦ በተጫረበት ይሰበራል። በአዳምስ ፒንሳ ሁለቱን ጎን ከ90 ዲግሪ ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ አጥፉ፣ ከዛ እያንዳንዱን ጫፍ መልሳችሁ ቀስት ጫፉን ስሩ። ቀስቱ ሲጨርስ ከድልድዩ ጋር 45 ዲግሪ አካባቢ ዘንበል ብሎ ወደ ጥርሱ መግባት አለበት። አሁን ሞዴሉ ላይ አስቀምጡት፣ ሁለቱ ቀስቶች ብቻ ጥርሱን ይነካሉ፣ ድልድዩ ከጥርሱ 2 ሚሊ ያህል ርቆ በክራውኑ ቁመት መሃል ላይ ይቆማል። ድልድዩ ጥርሱን ከነካ ልጁ ሲያወልቅ ጣቱን የሚያስገባበት የለውም፣ ቀስቱ ጎን ያለውን ጥርስ ከነካ ደግሞ ጥርሶቹን ያለያያቸዋል።

ከቀስቱ ቀጥሎ ሽቦው በሁለት ጥርስ መካከል ያልፋል፣ እዚህ ላይ ተጣብቆ ካልተኛ ልጁ ሲነክስ ይመታዋል። ወደ ላንቃ ሲወርድ ጭራው ከጀሶው ላይ አንድ ሚሊ ያህል ከፍ ይበል፣ አክሪሊኩ ዙሪያውን እንዲይዘው፣ ጫፉን ደግሞ ትንሽ አጥፉት እንዳይንሸራተት።

አንድ ቦታ ላይ ሽቦን ወዲያና ወዲህ አታመላልሱ። ከተሳሳታችሁ ጣሉት፣ ሌላ ቁረጡ። የተንገላታ ሽቦ ዛሬ ባይሰበር ልጁ ቆሎ ሲያኝክ ይሰበራል፣ ቆሎ የማያኝክ የጎንደር ልጅ ደግሞ አላውቅም።

ዜድ ስፕሪንግ

የሽቦ ጉልበት በውፍረቱና በርዝመቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ከገባችሁ ሁሉም ነገር ይገባችኋል። ጉልበቱ በውፍረቱ አራተኛ ደረጃ ይጨምራል፣ በርዝመቱ ሦስተኛ ደረጃ ይቀንሳል። 0.5 ሽቦ ጠፍቶ በ0.6 ብሰራው ምን ይሆናል የሚል አለ፣ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል ነዋ። በ0.7 ከሰራችሁት አራት እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ርዝመቱን እጥፍ ካደረጋችሁ ደግሞ ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፣ ጥቅል የምንጨምረው ለዚህ ነው፣ በትንሽ ቦታ ብዙ ርዝመት ለማግኘት። አንድ ጥርስ ለማዘንበል የሚበቃው ከ25 እስከ 40 ግራም ነው። እሱን የሚያልፍ ግፊት ጥርሱን አያፈጥነውም፣ ያሳምመዋል፣ ፕሌቱን ያወርደዋል።

አሰራሩ፦ 0.5 ሽቦ፣ ሁለት ጥቅል፣ የጥቅሉ ውስጥ ስፋት ከ2 እስከ 3 ሚሊ፣ ጥርሱን የሚነካው ክንድ ከጥርሱ ስፋት ትንሽ ያነሰ፣ ድድ አጠገብ ግን ድድ ሳይነካ። ስፕሪንጉ ከጥርሱ ጀርባ ጋር በተቻለ መጠን ቀጥ ያለ ማዕዘን ይፍጠር፣ ጋደም ካለ ተዳፋቱ ላይ ይንሸራተታል። ጭራው አክሪሊክ ውስጥ ይገባል፣ ክንዱንና ጥቅሎቹን ግን በሰም ሸፍኑ አክሪሊኩ እንዳይውጣቸው። ሰም ረስቶ ስፕሪንጉን አክሪሊክ ውስጥ የቀበረ ቴክኒሻን በማይክሮሞተር ሲቆፍር ውሎ ሽቦውን መቁረጡ አይቀርም።

አክሪሊክና ባይት ፕሌን

እዚህ የምንጠቀመው ኮልድ ኪውር (ሳይቀቀል የሚጠነክር አክሪሊክ) ነው፣ መብራት ቢጠፋም ስራው አይቆምም። በነገራችን ላይ ሂት ኪውር (በሙቀት የሚጠነክረውን) የምትሰሩ ካላችሁ ጎንደር ከባህር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃችን 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ የውጭ ማንዋል ላይ በ100 ዲግሪ አፍሉ የሚለው እዚህ አይደረስበትም።

ሞዴሉን ውሃ አጥጡት፣ አክሪሊኩ ጀሶው ላይ እንዳይጣበቅ ሴፓሬቲንግ ሚዲየም ቀቡ፣ ሽቦዎቹን በጉንጭ በኩል በሰም አጣብቁ። ዱቄቱን ነስነስ፣ ፈሳሹን ጠብ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በሁለቱም ጎን። ውፍረቱ 2 ሚሊ አካባቢ ይበቃል፣ ከዛ ከወፈረ ምላስ ቦታ ያጣና ልጁ አውልቆ ኪሱ ይከተዋል።

ባይት ፕሌኑ የተሰራው ጥርሱ እንዲሻገር አጥሩን ለማንሳት ነው። ልጁ ሲዘጋ ታችኛው ጥርስ 21ን ከፊት ከያዘው ስፕሪንጉ ከአንድ መንጋጋ ሙሉ ጡንቻ ጋር ነው የሚታገለው። ስለዚህ የኋላ ጥርሶችን የሚነክሱበትን ፊት በአክሪሊክ ሸፍኑ፣ ቁመቱ ግን 21 ከታችኛው በአንድ ሚሊ ያህል እስኪላቀቅ ድረስ ብቻ። የታችኞቹ የኋላ ጥርሶች ሁሉም እኩል ይንኩት፣ አርቲኩሌቲንግ ፔፐር (የንክሻ ነጥብ የሚያሳይ ባለቀለም ወረቀት) አስነክሳችሁ በሁለቱም ጎን ነጥቡ እኩል መሆኑን እዩ።

ፕሬሸር ፖት ያላችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ በ2 ባር ግፊት አድርጉት፣ የአየር ቀዳዳው ይቀንሳል። ከዛ በማይክሮሞተር አስተካክላችሁ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም በፓሚስ (የማለስለሻ ዱቄት)። ከማድረሳችሁ በፊት አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይደር፣ የተረፈው ሞኖመር (ያልጠነከረው የአክሪሊክ ፈሳሽ) ይውጣለት፣ የልጅ ላንቃ ነው የሚነካው።

አፍ ውስጥ ማስገባት

መጀመሪያ ጣታችሁን ፕሌቱ ላይ አንሸራትቱ፣ ሹል ነገር ካለ እናንተን ይውጋችሁ ልጁን አይውጋው። ከዛ ስፕሪንጉ ምንም ሳይከፈት አስገቡት። ልጁን አፉን ክፈት ምላስህን አንቀሳቅስ በሉት፣ ፕሌቱ ከወረደ ክላስፑን ቀስቱ ላይ ትንሽ ወደ ጥርሱ አስጠጉ። ልጁ ራሱ ሦስት ጊዜ አስገብቶ ሦስት ጊዜ አውጥቶ ካላሳያችሁ ቤቱ አትስደዱት። የአዘዞው ልጅ መጀመሪያ "ጋሼ ያስታውከኛል" አለ፣ አይዞህ በአፍንጫህ ተንፍስ አልኩት፣ አስር ደቂቃ ቁጭ ብሎ ጠበቀና ለመደው።

በሳምንቱ ስፕሪንጉን ክፈቱ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ፣ ከዛ በላይ አይደለም። መጀመሪያ ከጭራው በኩል ያለውን ጥቅል ከፈት፣ ከዛ ክንዱ ከጥርሱ ጋር መልሶ እንዲስተካከል ሁለተኛውን። ከሩቅ የሚመጣና በሳምንት የማይመለስ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሚሊ ብቻ ከፍቼ እልካለሁ።

ለእናትየው የምትነግሩት ነገር ከስፕሪንጉ እኩል ነው። "እናቴ፣ ይሄ ሌሊትም ቀንም ነው፣ ሲበላም አያወልቀው፣ ለመቦረሽ ብቻ።" ሲበላ ካወለቀ ታችኛው ጥርስ እየመታ ይመልሰዋል። በፈላ ውሃ አትቀቅሉት በሉ፣ ብዙ እናቶች ንጹህ ይሁን ብለው ነው የሚያደርጉት፣ አክሪሊኩ ይጣመምና አይገባም፣ በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ ይበቃል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ ለጊዜው ይቅር፣ ንፍሮ ይብላ። ሲያወልቀው በሶፍት እንዳይጠቀልለው፣ ሲጠረግ አብሮ ይጣላል፣ ክዳን ያለው ዕቃ ስጡት። ለሁለት ሦስት ቀን ምራቅ ይበዛል ንግግሩ ይኮላተፋል፣ አስቀድማችሁ ካልነገራችሁ ተበላሸ ብላ ታስወልቀዋለች። ክላስፕ ወጋኝ ካለ አውልቆ ሳያስቀምጥ በማግስቱ ይምጣ፣ ከተሰበረ ግን አውልቆ ይዞት ይምጣ።

ክትትል

በየሦስት እስከ አራት ሳምንት። ጥርስ በወር አንድ ሚሊ አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቀጠሮ ማቀራረብ ጥርሱን አያስቸኩለውም። ከገጠር ለሚመጡት ቅዳሜ እቀጥራለሁ፣ ለገበያ መውጣታቸው ስለማይቀር፣ በጥምቀት ሰሞን ግን አትቅጠሩ፣ ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ መንገዱ ሰው ነው።

ያደርገዋል ወይ የሚለውን ልጁን ከመጠየቅ በፊት እዩት። የሚያደርግ ልጅ ፕሌቱን ያለ መስታወት በምላሱና በጣቱ ቀልጠፍ አድርጎ ያወጣዋል፣ ጥርት አድርጎ ያወራል፣ ላንቃው ላይ የፕሌቱ ጠርዝ ምልክት አለ፣ ባይት ፕሌኑ ላይ የጥርስ አሻራ አለ። ፕሌቱ እንደሰጣችሁት አብረቅርቆ ከመጣ መሳቢያ ውስጥ ነው የከረመው። እንደዛ ሲሆን አትቆጡት፣ የት እንደሚያመው ጠይቁት፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጠርዝ ድዱን እየበላው ነው።

እያደረገ ጥርሱ ካልሄደ በቅደም ተከተል እዩ፦ ፕሌቱ ይወርዳል? ስፕሪንጉ ከጥርሱ ላይ አምልጦ ድድ ላይ ተቀምጧል? ባይት ፕሌኑ ተፍቆ ታችኛው ጥርስ መልሶ ይዞታል? ቦታው በቂ ነበር? በእኔ ልምድ የመጀመሪያው ነው የሚበዛው።

ለሌሎቹ የንክሻ ችግሮች መንገዱ ያው ነው፣ የሚለወጠው የሚገፋው ክፍል ነው። ታችኛው ጥርስ ላንቃ እስኪነካ ድረስ የጠለቀ ንክሻ ላለው በማደግ ላይ ላለ ልጅ ከላይ ፊት ጥርሶች ኋላ ጠፍጣፋ ባይት ፕሌን ትሰራላችሁ፣ የኋላ ጥርሶች 2 ሚሊ አካባቢ ይለያዩና ቀስ በቀስ ያድጋሉ። የላይኛው ቅስት ጠቦ የጎን ክሮስባይት ካለ ፕሌቱን መሃል ለመሃል ከፍላችሁ ስክሪው ታስገባላችሁ፣ አንድ ሩብ ዙር ከ0.2 እስከ 0.25 ሚሊ ይከፍታል፣ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ፣ ቁልፉን ለእናትየው አሳይታችሁ እሷው አዙራ ካሳየቻችሁ በኋላ ብቻ።

ወደ ልጃችን ስመለስ፣ በሦስተኛው ወር 21 ተሻግሮ ታችኛውን ሸፈነ። ይሄ ሲሆን ባይት ፕሌኑን ፋቁት፣ ግማሹን በአንድ ቀጠሮ ቀሪውን በሚቀጥለው፣ የኋላ ጥርሶች እንዲገናኙ። ስፕሪንጉን አትክፈቱ፣ ጥርሱን ሳይገፋ ነክቶት ብቻ ይቆይ፣ ልጁ ለጥቂት ሳምንት ማታ ማታ ያድርገው። የኋላ ጥርሶቹ ጠብቀው ሲነክሱና 21 በጣት ሲገፋ እንደ 11 ጸንቶ ሲቆም ፕሌቱን ተቀበሉት፣ አዲስ ሞዴል አውጡና ከድሮው ጎን ፋይሉ ጋር አስቀምጡ፣ ከዛ በስድስት ወሩ ቅጠሩት፣ 22 አጠገቡ ቦታውን ይዞ መሆኑንና የታችኛው ጥርስ ድድ መሸሹን ማቆሙን ለማየት።